ቀይ ስር

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ቁልፍ በወገቤ፣
በብልቃጥ፣ በጠርሙስ፣ በድኝ ሽታ ተከብቤ፣
ኖርኩኝ ከዚህ ክፍል፤ ጣሪያው ሰማይ ጠቀስ፣
ወለሉ የድሮ ጣውላ፣ ሲረገጥ የሚያለቅስ።
ስንቱ ልጅ አለፈ!
አንዱ ሐኪም ሆኖ የኔኑ የደም ግፊት ለካ፣
አንዱ የሰበረው ባለ እግር ብርጭቆ እስከ ዛሬ ድረስ በመዝገቤ አልተተካ።

ዘንድሮ ክበቡን፣ የአካባቢ ጥበቃ የሚሉትን፣
ኢክራም ያዘችው፤ አሥራ አንደኛ ቢ፣ ቀጭን፣
ድምፅዋ የማይሰማ፣ ጥያቄዋን የማትተው።
መጀመሪያ ቀን መጥታ ያለችኝ ይኼው ነው፦
«ጋሼ፣ ከቁም ሳጥኑ ሥር ያለውን ካርቶን ልየው?»
ምን ይኖራል ብዬ! አይጥ የበላው ካርታ፣
እንቁራሪት በአልኮል፣ ዓይኗ እንደፈጠጠ ተኝታ፣
ከታች ግን ደብተር፤ ሽፋኑ ጨርቅ፣
የእጅ ጽሑፉ ድንቅ፦
«ኅዳር ሦስት፣ ሃምሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፤ ግንፍሌ ወንዝ ዳር።
ውኃው ቀዝቃዛ፤ ጠጠሩ ይቆጠራል፤ ዳርና ዳሩ ለምለም ሣር።
ሸርጣን ሁለት አየን። የጠማው ጠጣ።
እንግዳወርቅ አዳልጦት ወድቆ፣ ሳቅ ሆኖ ወጣ።»

ኢክራም አነበበች። ደግማ አነበበች።
ደብተሩን ዘግታ፣
«ጋሼ፣ የጠማው ጠጣ?» አለች።

በሳምንቱ ወረዱ፤ ቦት የሌላቸው እግራቸውን በፌስታል ጠቀለሉ፣
ከአራት ኪሎ ቁልቁል፣ በጋራዡ ጀርባ፣ አፍንጫቸውን ይዘው እየሳሉ።
ሸርጣን የት አባቱ!
ቢፍቱ ወረቀት ነከረች፤ ቀለሙ በቅጽበት ጠየመ።
ናሆም ፌስታል ቆጠረ፤ አራት መቶ ሲደርስ ቁጥሩም እሱም ደከመ።
«ማነው ያቆሸሸው?»
ጋራዡ፣ ሆቴሉ፣ ኮንዶሚኒየሙ!
ሁልጊዜ ሌላ ነው የጥፋተኛ ስሙ።

ኢክራም ግን ጣት አልቀሰረችም። ከጉልት አምስት ኪሎ ቀይ ስር ገዝታ፣
ቀቅላ፣ ጨምቃ፣ በጄሪካን ሞልታ
(ስር ፍለጋ ነበር ስሩን መቀቀሏ)
የካፌውን ቱቦ፣ የመጸዳጃውን፣ የጓሮውን፣ በተራ አጠጣች፤
ናሆም ከወንዙ ዳር በስልክ «ምንም» ሲላት፣ ወደኔ ክፍል መጣች።
«ይቺን ብቻ ጋሼ፤ ይቺን ማጠቢያ።»
አፈሰሰችው።
ቀዩ ዞረ፣ ዞረ፣ ከጉድጓዷ ገባ።
ሰዓቴን አየሁት። አራት ደቂቃ። ውጭ ደወል ጮኸ፤ ተማሪው ገባ።
ከዚያ የናሆም ድምፅ፦
«መጣ! ቀይ! መጣ!»

ሠላሳ አንድ ዓመት!
አሲዱን ያፈሰስኩት እኔ ነኝ፤ ሰማያዊውን መዳብ፣
ስሙን የማላውቀውን፣ ጓንት የሚበላውን፣ ያጠበ ንጹሕ ነው ብዬ ሳስብ።
ብልቃጤ ሲያበራ፣ መደርደሪያዬ ሲያምር፣
ለካ ንጽሕናዬ ነበር የሸርጣኑ ቀብር።

ርዕሰ መምህሩ ጉሮሮ ጠረጉ፦ «ሪፖርቱ ቢሮ ነው የሚደርሰው፤
ያረጀ፣ የተከበረ ትምህርት ቤት ነው፤ ይቺን አንቀጽ ምን አለበት ብንቀንሰው?»
ኢክራም ዓይኗን ወደኔ መለሰች።
ፍርድ የለበትም አስተያየቷ፤ ብቻ ጠበቀች።
«ትጻፍ» አልኩ። ቃሉ ሳላስበው ወጣ፦
«ከነአባቴ፣ ስሜም አብሮ ይውጣ።»

አሁን ከማጠቢያው ጎን በርሜል ቆሟል፤ በእጅዋ የጻፈችበት፦
«የሚጣል አሲድ። ጋሼ ብቻ ይክፈቱት።»
ሲሞላ የት ይሄዳል? እሱን ገና እየጠየቅን ነው።
ግንፍሌ እንደሆን ዛሬም ይሸታል፤ አልዋሽም።
ሸርጣንም አልተመለሰም።
ግን ያንን ደብተር፣ ካቆመበት ገጽ ከፍታ፣
ከእንግዳወርቅ ሳቅ ሥር አንድ መስመር ትታ፣
እንዲህ ጻፈች፦
«ሚያዝያ ዘጠኝ። ውኃው ጥቁር። የጠማው አልጠጣም።
አንዱ ምንጩ ተገኘ፤
እኛ።»